ጌጧን ያዋሰች አክስት

ጋሼ ታደለ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ዞረው፣ ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ደግሞ ሥነ ልሳን በሚባለው ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዬን እሠራለሁ። ባለፈው ጥር ድምፃቸውን ልቀርጽ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ይበቃዋል ያልኩት ሥራ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ፤ መቅረጫው ውስጥም ከቃላቱ ይልቅ ክርክራችን በዛ። ስለ ጎረቤት አጥርና ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራነውን አውጥቼ የቀረውን እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ምን ልበልልሽ?

እኔ፦ እዚህ ወረቀት ላይ ያሉትን ቃላት ቆም እያሉ ያንብቡልኝ። ለተማሪ እንደሚያነቡት ሳይሆን እንደሚያወሩት።

ጋሼ፦ ገና። ዋና። አለ። ሰፊ። ይመታል። (ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ባዶ ነው።) ይኼ እኮ የአንደኛ ክፍል ንባብ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡሽ ለዚህ ነው?

እኔ፦ የመጀመሪያውን ምን ብለው አነበቡት?

ጋሼ፦ ገና ነዋ! የጌታ ልደት።

እኔ፦ «ገና አልመጣም» ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ያኛው ይላላል። በዓሉ ነው የሚጠብቀው።

እኔ፦ ፊደሉ ግን አንድ ነው። እስቲ «ዋናው ሰውዬ ዋና አይችልም» የሚለውን ያንብቡልኝ።

ጋሼ፦ ዋናው ሰውዬ ዋና አይችልም።

እኔ፦ ፊተኛውን አጠበቁት፣ ኋለኛውን አላሉት፤ ቅንጣት አልተደናቀፉም። ልብስ የሚሰፋው ሰፊ ይላላል፣ ሜዳው ይጠብቃል። «ይመታል» ሲላላ ዱላው በሰውዬው እጅ ነው፤ ሲጠብቅ ዱላው በሰውዬው ጀርባ ላይ ነው። ፊደላችን ይኼን ሁሉ አይጽፈውም፤ እርስዎ ግን ያነቡታል።

ጋሼ፦ ይኼንማ ማንም ያውቀዋል።

እኔ፦ ማንም ማወቁ ነው የኔ ሥራ። ሌላ ልጠይቅዎት። ሰውዬው ትናንት ፈዘገ።

ጋሼ፦ ፈዘገ? ምን ማለት ነው?

እኔ፦ ምንም። ትናንት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የፈጠርኩት ቃል ነው። ነገስ ምን ያደርጋል?

ጋሼ፦ (እየሳቁ) ይፈዝጋል።

እኔ፦ ይኼን ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው ምን ይባላል?

ጋሼ፦ ፈዛጊ።

እኔ፦ ሌላውን ሰው ቢያስገድደውስ?

ጋሼ፦ አስፈዘገው። እርስ በርስ ከሆነም ተፈዛዘጉ። እንደ ሕፃን ታጫውቺኛለሽ እንዴ?

እኔ፦ በሕፃናት ነው የተጀመረው። ጂን በርኮ የምትባል አሜሪካዊት በ1958 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ወፍ የመሰለ ሥዕል አሳየቻቸው፤ ስሙ «ዋግ» ነው አለቻቸው። ሁለት ሲሆኑስ ስትላቸው ልጆቹ ተሰምቶ የማያውቀውን ቃል በትክክል አበዙት። ቃሉን ከማንም አልሰሙትም፤ ስለዚህ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው የሰማውን እየደገመ ብቻ ነው የሚለው ነገር አይበቃም ማለት ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ሥርዓት አለ። እርስዎም አሁን ከአንድ ባዶ ቃል አራት ቃል አወጡልኝ።

ጋሼ፦ መልካም። ግን እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ነው።

እኔ፦ በር ላይ ቆሎ የምትሸጠዋን ሴትዮ ስገባ ጠይቄያት ነበር። «ይፈዝጋል» አለችኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፤ «ይፈዝጋል» ሲሉ «ዝ»ን አላልተውታል።

ጋሼ፦ እኮ፣ ሌላ ምን ላደርገው ኖሯል?

እኔ፦ ሊያጠብቁት ይችሉ ነበራ። «ገደለ» እና «ፈለገ» ሁለቱም መካከላቸው ላይ ይጠብቃሉ። ወደ ፊት ሲሄዱ ግን ይለያያሉ፤ «ይገድላል» ሲላላ «ይፈልጋል» ይጠብቃል። ባለፈው ጊዜ ላይ የሚለያቸው ምንም ምልክት የለም። የትኛው ግሥ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ሕፃኑ ሁሉንም አንድ በአንድ ይዞ ያድጋል። ከውጭ የመጣም ቃል አይቀርለትም። ፊርማ የጣልያን ቃል ነው፤ እኛ ግን ፈረመ፣ ይፈርማል፣ ፈራሚ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ እያልን እንደ ገዛ ልጃችን አሳደግነው። ያውም «ይፈርማል» ላይ «ር»ን አጥብቀን። እንደዚያ ይሁን ብሎ የወሰነ ስብሰባ የለም።

ጋሼ፦ (ዝም ብለው ቆዩ።) ሠላሳ አራት ዓመት ሰዋስው ሳስተምር ይኼን አንድም ቀን አላስተማርኩም።

እኔ፦ ማስተማር አላስፈለገዎትም። ተማሪዎችዎ ይዘውት ነበር የሚመጡት።

ጋሼ፦ ቆይ፣ በዚህማ አትለፊኝ። ከሬዲዮው እስከ ስልኩ ሰው ሁሉ ቋንቋውን እያበላሸ ነው። «ንጉሥ»ን በእሳቱ «ሰ» ይጽፋሉ። በቀይ እስክሪብቶ ስንት ደብተር አርሜያለሁ! የናንተ ትምህርት ስህተት የሚባል ነገር የለም የሚል ከሆነ አልቀበለውም።

እኔ፦ አጻጻፍ ሌላ፣ ቋንቋ ሌላ ነው። አጻጻፍ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱን ያፈረሰ ይታረማል፣ እኔም አርማለሁ። ግን «ሠ» እና «ሰ» ድሮ በድምፅ የተለያዩ ነበሩ፤ በአማርኛ አፍ ውስጥ ግን አንድ ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፏቸዋል። ልጁ «ንጉስ» ብሎ ሲጽፍ ጆሮው ልክ ነው፤ የማያውቀው ታሪኩን ነው። የከብት ሐኪም ላሚቱን ቀንድሽ ለምን ጠመመ ብሎ አይቆጣትም፤ ለምን እንደጠመመ ይመረምራል።

ጋሼ፦ ፈተናውን ታዲያ ማን ያርማል፣ ሐኪሙ?

ይኼን ጥያቄ መመለስ አልቻልኩም፤ ዛሬም የሚያረካ መልስ የለኝም። ጋሼ ማሸነፋቸውን ስላወቁ ቡና እንዲጨመርልኝ አዘዙ። ሁለተኛው ቡና ላይ እኔም የሰጋሁበትን ነገር አነሳሁ።

እኔ፦ ጋሼ፣ አማርኛ የማን ልጅ ነው?

ጋሼ፦ የግዕዝ ነዋ። ምን ጥያቄ አለው?

እኔ፦ ቅኔ ቤት ሳሉ ግሥ ሲወርዱ ስንት አርእስት ነበር?

ጋሼ፦ ስምንት። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ። (ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ውዳሴ ማርያም አወረዱት።)

እኔ፦ «ቀተለ» እንዴት ይነበባል?

ጋሼ፦ ላልቶ። «ቀደሰ» ነው የሚጠብቀው። ይኼን የሳተ በኛ ጊዜ ይገረፍ ነበር።

እኔ፦ «ይቀትል»ስ?

ጋሼ፦ እሱ ይጠብቃል።

እኔ፦ በግዕዝ እንግዲህ ያለፈው ላልቶ የሚመጣው ይጠብቃል። ትግርኛም እንደዚያው ነው። አሁን በአማርኛ ይበሉልኝ፤ ገደለ፣ ይገድላል።

ጋሼ፦ ገደለ... ይጠብቃል። ይገድላል... (ቆም አሉ።) ይላላል። ተገላብጧል!

እኔ፦ ተገላብጧል።

ጋሼ፦ እንዴት ሳላየው ኖርኩ? ሁለቱንም በአንድ አፌ ነው የምናገረው።

እኔ፦ ፊደሉ ስለማያሳይ ነው። ይኼ ብቻውን ግን ግዕዝን ከእናትነት አያወርድም። ልጅ ከእናቷ ልትለይ ትችላለች። የሚያስቸግረው ልጅ ከእናቷ ያላየችውን የቤተሰብ ዕቃ ይዛ ስትገኝ ነው። «አልመጣም» በግዕዝ እንዴት ይባላል?

ጋሼ፦ ኢመጽአ።

እኔ፦ «ኢ» ነው የሚያፈርሰው። የኛ «አል» ታዲያ ከየት መጣ? በዕብራይስጥ «አትሂድ» ለማለት «አል ቴሌኽ» ይላሉ። ያ «አል» እጅግ ጥንታዊ ነው። ግዕዝ ግሥን በእሱ ማፍረስ ትቶ እንደ «አልቦ» ባለ ቃል ውስጥ ነው ያስቀረው። አማርኛ ግን ዛሬም አልሄድም፣ አልበላም፣ አልፈልግም ይላል። ግዕዝ የተወውን አማርኛ ከግዕዝ እንዴት ይወርሳል?

ጋሼ፦ ከአያት ነው በይኛ።

እኔ፦ ከአያት። ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች መድቦ ጽፏል። ግዕዝ፣ ትግርኛና ትግረ በሰሜን ቅርንጫፍ ናቸው፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪና የጉራጌ ቋንቋዎች በደቡብ። ቅርንጫፎቹ በዝርዝር እንዴት እንደሚከፈሉ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አማርኛን ግን አብዛኞቹ ከግዕዝ በቀጥታ አያወርዱትም። ግዕዝ ለአማርኛ አክስት ናት እንጂ እናት አይደለችም።

ጋሼ፦ ታዲያ «ምሥጢር»፣ «መንግሥት»፣ «ሕይወት»፣ ይኼ ሁሉ ቃል ምንድን ነው?

እኔ፦ ውሰት ነዋ። ሠርግ ላይ አክስት ጌጧን ታውስ የለም? ሙሽራይቱን ከሩቅ ያየ ሰው በአንገቷ ላይ ያለውን አይቶ የባለጌጧ ልጅ ናት ይላል። ጌጥ ይዋሳል። እጅና እግር ግን፣ «አል»ን የመሰለው ትንሹ ነገር፣ እምብዛም አይዋስም። እኛ ዝምድና የምንፈልገው በትንንሾቹ ነው።

ጋሼ፦ (ረጅም ዝምታ። መቅረጫው ላይ አንድ ዶሮ ይሰማል።) ለስንት ሺህ ልጅ «እናት» ብዬ አስተምሬያለሁ መሰለሽ።

እኔ፦ እኔም ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

ጋሼ፦ አባቷንስ አገኛችሁት?

እኔ፦ አባቷን አላውቅም፤ ጎረቤቶቿን ግን እናውቃለን። በግዕዝ «ንጉሡ ቤት ሠራ» ይበሉልኝ።

ጋሼ፦ ሐነጸ ንጉሥ ቤተ።

እኔ፦ ግሡ ፊት ቆመ። በኦሮምኛ «ሞቲን መና ኢጃሬ» ይባላል፤ ንጉሡ፣ ቤት፣ ሠራ። ከኛ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ኦሮምኛ ግን ኩሻዊ ነው፤ በዘር ግዕዝ ነው የሚቀርበን። «ዝም አለ» የምንለውን ኦሮሞ «ጨል ጄዼ» ይላል፤ «ጄዼ» ማለት «አለ» ማለት ነው። በአፉ ምንም ያላለ ሰው «ዝም አለ» መባሉ አይገርምዎትም?

ጋሼ፦ አሁን ስትዪው ገረመኝ። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ቀጥ አለ... እውነትሽን ነው፣ ሁሉም «አለ» ነው።

እኔ፦ እዚሁ ጎጃም ውስጥ አገውን ይዩት። እንጅባራ ገበያ ላይ የሚሰሙት አውኚም ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያኖረው። ብዙ ምሁራን እንደሚሉት ጥንት አገውና ሌላ ኩሻዊ ቋንቋ ይናገር የነበረ ሕዝብ ወደ ሴማዊ ቋንቋ ሲዞር የዓረፍተ ነገሩን አሰላለፍ ከቤቱ ይዞ መጣ። ቻርልስ ፈርጉሰን ደግሞ በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ በዘር የተራራቁ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በጉርብትና ብዛት መመሳሰላቸውን በዝርዝር አሳየ። ፈንድተው የሚወጡትን ድምፆች ይመልከቱ፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ወላይትኛም አላቸው።

ጋሼ፦ ፈረንጆቹ «ቀ»ን ማለት የማይሆንላቸው ለምንድን ነው? ድሮ አንድ የሰላም ጓድ መምህር አብሮኝ ያስተምር ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ «ኮሎ» እንዳለ ተመለሰ።

እኔ፦ ትንፋሽዎን ይያዙ። ጥብቅ አድርገው። አሁን ሳይተነፍሱ «ት» ይበሉ።

ጋሼ፦ (በምልክት እንደማይወጣላቸው አሳዩ።)

እኔ፦ «ጥ»ስ?

ጋሼ፦ ጥ! ጥ! ቅ! (በሳቅ ፈነዱ።) በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ!

እኔ፦ ለ«ት» የሳንባ አየር ያስፈልጋል። «ጥ» ሲሉ ግን ጉሮሮዎ ከታች ይዘጋል፣ ማንቁርትዎ ወደ ላይ ይወጣና መሐል የታሰረችውን ጥቂት አየር ይጨምቃታል፤ ምላስ ሲለቅ ትፈነዳለች። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አድርገው «ቅ» ቢሉ ሲነሳ ይሰማዎታል።

(እዚህ ላይ ጋሼ ደጋግመው ስለሞከሩት መቅረጫው ለአንድ ደቂቃ ያህል «ቅ፣ ቅ፣ ጭ» ብቻ ነው የያዘው።)

ጋሼ፦ ይኼን ጥበብ ማን ጀመረው? ሰውን አስቀምጦ በል እንዲህ፣ በል እንዲያ ማለቱን።

እኔ፦ በኛ ቋንቋ ላይ ከሆነ ከጥንቶቹ አንዱ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። አባ ጎርጎርዮስን ሮም ላይ በ1649 እ.ኤ.አ. አገኛቸው፤ ኋላም በ1652 ጎታ በምትባለው የጀርመን ከተማ አብረው ተቀምጠው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የአማርኛው ሰዋስው መጽሐፍ የታተመው በ1698 ነው፤ እሳቸው ካረፉ ከአርባ ዓመት በኋላ።

ጋሼ፦ የመጽሐፉ ደራሲ ማን ተብሎ ተጻፈ?

እኔ፦ ሉዶልፍ።

ጋሼ፦ ተናጋሪው እያለ!

እኔ፦ ውለታቸውንስ አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕላቸውን አውጥቶታል። ቢሆንም የተቆጡበት ነገር የዚህ ሙያ ቁስል ነው። መልስ የሰጠው ሰው ከጠያቂው ኋላ ይቀራል። ተናጋሪው ሲያልቅ ደግሞ የሚጠየቅም የለም። ጋፋትን ያውቁታል?

ጋሼ፦ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት።

እኔ፦ ስሙ ያው ነው፤ እኔ የምለው ግን ቋንቋውን ነው። በዓባይ ዳርቻ፣ በዚሁ በጎጃም ይነገር ነበር፤ የአማርኛ ዘመድ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ እዚህ ሳለ መሓልየ መሓልይን በጋፋትኛ አስጽፎ ወሰደ፤ ጽሑፉ ኦክስፎርድ ነው ያለው። ቮልፍ ሌስላው ያንን ጽሑፍ አጥንቶ በ1945 አሳተመና ራሱ ሊፈልግ መጣ። በ1947 በብዙ ድካም ያገኛቸው ተናጋሪዎች አራት ናቸው።

ጋሼ፦ አራት ሺህ?

እኔ፦ አራት ሰዎች።

ጋሼ፦ (ስኒያቸውን አስቀመጡ።) በ1947 ማለት በኛ 1939። እኔ ከመወለዴ ብዙም ቀደም ሳይል። ይኼን የሚነግረኝ አጣሁ! አየሽ፣ ቋንቋ ካልተጠበቀ፣ ካልታረመ እንዲህ ነው የሚሆነው።

እኔ፦ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋፋትኛ ያለቀው ሰው እያሳሳተው አይደለም። እናቶች ለልጆቻቸው በአማርኛ ማውራት ጀመሩ፤ ያኔ አለቀ። እየተሳሳተ የሚናገረው ልጅ ያለው ቋንቋ ምንም አይሆንም።

ጋሼ፦ አራቱ ሰዎች ባይገኙ ኖሮስ?

እኔ፦ የብሩስ ወረቀት ብቻ ይቀር ነበር። ያም በኛው ፊደል የተጻፈ ነው፤ ምኑ እንደሚጠብቅ ምኑ እንደሚላላ ከወረቀቱ አናውቅም።

ጋሼ፦ እንደ «ገና»።

እኔ፦ እንደ «ገና»።

ጋሼ፦ እስካሁን ስንት ሰው ቀርጸሻል?

እኔ፦ እርስዎ ስድስተኛ ነዎት።

ጋሼ፦ ሌሎቹስ? የተማሩ ናቸው?

እኔ፦ አዎ። ወረቀቱን ማንበብ አለባቸዋ።

ጋሼ፦ ተሳስተሻል። በአማርኛ አስተማሪነቴ አይደለም የምነግርሽ። እኔ ወረቀቱን ሳይ ሠላሳ አራት ዓመት ለተማሪ ባነበብኩበት ድምፅ ነው ያነበብኩልሽ፤ እንደሚያወሩት ብትዪኝም አልቻልኩም። ቅድም «ፈዛጊ» ስልሽ የወጣው ነው የኔ አፍ። የሰውን አፍ ከፈለግሽ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዘንድ ነው የምትሄጂው።

እኔ፦ እንዴት አድርጌ ልጠይቀው?

ጋሼ፦ ምን ያስጠይቃል? ስለ ሠርጓ አንሺባት፣ ሌላውን ለሷ ተዪላት። አክስትሽ እትዬ ስንዱ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ አንደበቷ ግን እንደ ምላጭ ነው። የሞጣ አውቶብስ ነገ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል። ወረቀቱን እዚህ ተዪው።